ድመት የማጀት ናት

በእኛ አገር ወይፈን ቀንበር ለመሸከም ሲደርስ ይቀጠቀጣል። አውራ በግና አውራ ፍየል ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል፤ ለፋሲካ ሲታረድም ባለቤቱ ይመሰገንበታል። በዚህ ያፈረ ገበሬ አይቼ አላውቅም። በድንጋይና በእንጨት መቀጥቀጥ ቀርቶ «ቡርዲዞ» የሚባለው የብረት መቆንጠጫ ሲመጣም «መቼ ነው የሚደርሰኝ?» ያለ እንጂ «ምን ሲደረግ!» ያለ አልነበረም። ስለ ድመት ያነሣችሁበት እንደሆነ ግን ያው ገበሬ ይስቃል። «ደግሞ ለድመት!» ይላል። ሚስቱ አትስቅም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት እሷ ያልሳቀችበትን ምክንያት ነው።

የተወለድኩት እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። እኔ ባሕር ዳር ብኖርም እናቴ ዛሬም እዚያው ናት። ታላቅ እኅቴ ስማዳ ተድራ ወገዳ አጠገብ ትኖራለች፤ አክስቴ ደግሞ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። በእኛ ቤት አንድ ነገር ከተወራ በሦስት ወረዳ ተወራ ማለት ነው።

በእነዚህ ወረዳዎች ድመት የሌለበት ቤት ጎታ የለውም ብትሉ ብዙም አልራቃችሁም። ከጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች፣ ወረድ ሲል ስንዴና ጤፍ፣ ቆላው ላይ ማሽላ ይዘራል። ታጭዶና ተወቅቶ የሚገባው ከጭቃና ከጭድ በተሠራ ጎታ ነው፤ ጎታ ደግሞ አይጥ ከለመደው የዓመት ልፋት በሌሊት ያልቃል። የአይጥ መርዝ ገበያ ላይ ሞልቷል። ነገር ግን መርዝ የበላች አይጥ ከግድግዳ ሥር ሞታ ቤት ታሸታለች፣ ዶሮ ትለቅማታለች፣ የሚድህ ልጅም ያገኛታል። ድመት ግን ፍርፋሪና ትንሽ ወተት ካገኘች ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ናት።

ወንዱ የሚያስበው ስለ በሬው ነው። ጎታው፣ ምድጃው፣ ድመቷ የሴቲቱ ናቸው። «ውሮ፣ ውሮ» ብላ የምትጠራት እሷ ናት። የምትወልደውም በእሷ ማጀት ነው፤ ከጎታው ኋላ፣ ከማገዶው ሥር፣ አንዳንዴም ክዳኑ ባልተገጠመ ሞሰብ ውስጥ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ድመት ካረገዘች በ63 ወይም በ65 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ወሯ ጀምራ መፀነስ ትችላለች፤ ግልገሎቿን እያጠባች እንኳን ድጋሚ ልታረግዝ ትችላለች። በአውሮፓ ቀኑ በሚያጥርበት በክረምታቸው ወራት ድመቶች ያርፋሉ፤ የቀኑ ርዝመት ብዙም በማይለዋወጥበት በእኛ አገር ግን ዕረፍት የሚሰጣቸው ወቅት የለም። በአንድ ጊዜ አራትና አምስት እየወለደች በዓመት ሁለቴ፣ ሲብስ ሦስቴ ትወልዳለች። አንድ ቤት የሚያስፈልጋት ድመት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ናት። የቀሩት የት ይሄዳሉ?

ይህን ጥያቄ ወንዶች ጠይቀውት አያውቁም፤ መልሱን የምታውቀው ሴቲቱ ናትና። መጀመሪያ ለጎረቤት ይታደላሉ። ጎረቤት ሁሉ ድመት ሲኖረው ደግሞ በጆንያ ይደረጉና ሲመሽ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ገበያው መንገድ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይወሰዳሉ። እናቴ በሕይወቷ ድመት ገድላ አታውቅም፤ «ነፍስ ናት» ትላለች። ልጅ ሳለሁ ጆንያውን ይዛ ስትወጣ እንዳንከተላት ትቆጣን ነበር። ስትመለስ እጇን ታጥባ፣ ምንም ሳትናገር ምድጃው ዳር ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ፣ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ፣ ቡና እየቆላች ድንገት «ልጄ፣ የጣልኩትስ ገደልኩት አይደለም ወይ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ እሷም የጠበቀች አልመሰለኝም።

ሴቶቹ የማይስቁት ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በፈረንጅ አገር «አቢሲኒያን» የሚባል፣ በብዙ ገንዘብ የሚሸጥ የድመት ዘር አለ። ስሙን ያገኘው ዙላ የተባለች ድመት ከመቅደላው ጦርነት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ተወስዳለች በመባሉ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የሄዱት በእኛው በጋይንት በኩል ስለሆነ፣ አክስቴ ይህን ስነግራት «እንግዲያው የእኛ ድመት ልጅ ናታ!» ብላ ኮራች። በኋላ የዘር ምርመራ ሲደረግ ግን የዘሩ ምንጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሆኖ ተገኘ። ለአክስቴ አልነገርኳትም። ስም የወጣላት ድመት እዚያ በሐኪም ትታያለች፤ የእኛዋ ውሮ በጆንያ ትወጣለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት፣ አዝመራው በገባ ማግሥት፣ የእናቴ ሁለት በጎች ተከታትለው ጨነገፉ። ከጎረቤትም እንዲሁ። ለደቡብ ጎንደር ደገኛ በግ የባንክ ደብተሩ ናት፤ ማዳበሪያ የሚገዛው፣ ልጅ ዩኒፎርም የሚለብሰው በግ ተሽጦ ነው። አንድ ሰሞን ግልገል በግ ካጣ ዓመቱን ሙሉ ይጎድልበታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ደግሞ ምክንያት ይፈለጋል፤ ምክንያት ሲፈለግም ሰው ይገኛል። ከእናቴ ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም፣ እትዬ ነው የምላት። አግብታ ነበር፤ ልጅ ባለመውለዷ ተፋታች። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ብቻዋን ስል ከድመቶቿ ጋር ማለቴ ነው። እሷ ግልገል አትጥልም። «የበጎቹን ጽንስ ዐይን በላው» የሚል ሹክሹክታ ሲጀመር ዐይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ያልወለደች ሴት የሚወልድ ነገር አይታ ትቀናለች ነው ነገሩ። ውኃ ወረዳ ስትመጣ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ።

የወንድሜ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ለዕረፍት መጥቶ ይህን ሲሰማ የጠየቀው ስለ እትዬ ዐይን አልነበረም። «እማማ፣ ድመቷ የት ነው የምትጸዳዳው?» አላት።

«እኔ ልከተላት?» አለችው እናቴ።

ተያይዘው ሄደው አዩ። ለበጎቹ ከተከመረው ድርቆሽ ውስጥ ነበር። ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል፣ ይጫራል፤ ድመት ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋለች? እትዬ ቤት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ቤት እንዲሁ ነው።

ልጁ ያስረዳን እንዲህ ነበር። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዐይን የማይታይ ተውሳክ አለ። በብዙ እንስሳ ውስጥ ይኖራል፤ ዕንቁላሉን የሚያፈራው ግን በድመት ዘር አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ድመት አይጥ ወይም ወፍ ስትበላ ይይዛታል። በተያዘች ሰሞን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ፣ በዓይነ ምድሯ ሚሊዮኖችን ትጥላለች። ከዚያ በኋላ ሰውነቷ ስለሚለምደው አብዛኛውን ጊዜ ታቆማለች። የተጣለው ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ያረገዘች በግ ወይም ፍየል በመኖዋ ውስጥ ከበላችው ጽንሱን ይገድለዋል፤ ትጨነግፋለች ወይም ደካማ ግልገል ትወልዳለች። ሌሎች የማጨንገፍ ምክንያቶችም አሉ፤ ብሩሴላ አንዱ ነው። ስለዚህ በባዶ እጅ የጨነገፈን ጽንስ ማንሣት አይገባም፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ አትንካው።

እዚህ ላይ እናቶች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አለ። ይኸው ተውሳክ በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛትን ሴት ጽንስም ሊጎዳ ይችላል። ይህ ማለት ድመት ካየሽ ሽሺ ማለት አይደለም። የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ያንሣው፤ ተውሳኩ ለመበከል የሚደርሰው ከተጣለ ከአንድ ቀን በኋላ ነውና። ጓሮ ኮትኩተሽ ስትገቢ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጎመኑንና ሰላጣውን በደንብ እጠቢ። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ሌላው መግቢያው ነው፤ ክትፎውን እስክትወልጂ ታገሺው። ብዙ ሰው ድመቷን ያባርርና ጥሬ ሥጋውን ይበላል።

ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ተውሳኩን የምትጥለው በብዛት አዲስ አደን የጀመረችዋ ወጣት ድመት ናት። ስለዚህ በየሦስት ወሩ አዲስ ግልገል የሚያድግበት ግቢ ለበግ አደገኛ ነው፤ ሁለት አሮጊት ድመቶች ብቻ የሚኖሩበት ግቢ ግን ያን ያህል አያሰጋም። በሌላው ዓለም ያሉ የበግ አርቢዎችም የሚመከሩት ይህንኑ ነው፦ ጥቂት፣ ጤነኛ፣ የማይወልዱ ድመቶችን ያዙ፣ መኖውን ክደኑ። ከጎረቤት አንዱ «እንግዲያው ሁሉንም ገድለን አንገላገልም?» ብሎ ነበር። አይጡስ? ደግሞም ድመት ከጠፋበት መንደር አይጡን ተከትላ ሌላ ድመት ትመጣለች፤ ወጣት፣ ወላድ፣ ማንም የማያውቃት።

እንግዲህ ነገሩ ታወቀ። ማድረጉ ላይ ነበር ጣጣው።

የወንድሜ ልጅ ደብረ ታቦር የሚሠራ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጅ አለው። ቅን ሰው ነው፤ ያለ ክፍያ መጥቶ ሊሠራ ተስማማ። ለማዳበሪያ ጉዳይ በተጠራ የቀበሌ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ተሰጠው። ሰብሳቢዎቹ ወንዶች፣ ተሰብሳቢው ሁሉ ወንድ፤ ከሴት የነበሩት በራሳቸው ስም ግብር የሚገብሩት ብቻ ናቸው። እትዬ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ሐኪሙ በጥሩ አማርኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ «ሴት ድመቶቻችሁን እናመክናለን፤ ከዚያ በኋላ መካን ይሆናሉ» አለ። ሳቅ ሆነ። ከወንዶቹ አንዱ ወደ እትዬ ዞር ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። እትዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ወጥታ ሄደች። የተባለው ነገር ምን እንደነበር እናቴ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በቀጠሮው ቀን አንድም ድመት አልመጣችም።

እናቴ የልጅ ልጇን አስቀምጣ የተናገረችውን ስልክ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። «አንተ ልጅ፣ የሚመክን ቦምብ ነው፤ በሬዲዮ እሰማለሁ። ድመት ቦምብ ናት? መካንስ የሚባለው ማን እንደሆነ አታውቅም? እዚህ አገር ሴት ያስለቀሰ ቃል እሱ ነው። እሱን ይዘህ ማን በር ላይ ልትቆም ነው?»

እውነቷን ነው። «መካን» በእኛ ዘንድ የሕክምና ቃል ሳይሆን ፍርድ ነው። ሌሎቹ ቃላትም አይረዱም። «መስለብ» የጦር ሜዳ ነው። «መቀጥቀጥ» የወንድ ከብት ነው፤ ለሴት ድመት ቢሉት ዱላ ይመስላል። አንዲት የቡና ተጣጪ «ማሳረፍ እንበለው» ብትል አሮጊቷ ጎረቤት «ዐረፈች የሚባለውማ የሞተ ነው» አለች። በመጨረሻ ከሴቶቹ መሀል፣ የመጀመሪያዋ ማን እንደሆነች ሳይታወቅ፣ «ይብቃሽ» የሚል ቃል ወጣ። «ውሮ፣ ወልደሻል፣ ይብቃሽ።» ስድብም ዛቻም የለበትም። ሰባት ወልዳ ለደከማት ጎረቤት የሚባል ቃል ነው።

ይህን ስሰማ የታወሰኝ የቤተሰብ ምጣኔ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው የተመደቡት አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እኛ አገር የመጡት ልጆች «ልጅ አትውለዱ» ብለው ቢጀምሩ ኖሮ ውሻ ይለቀቅባቸው ነበር። «አራርቀሽ ውለጂ» አሉ። ቤት ድረስ ሄደው፣ ሽንኩርት እየላጡ፣ እንጀራ እየጋገሩ አወሩ። ባሎቹ ከሰሙት በኋላ ነው የሰሙት። ያንን መንገድ ያወቀ አገር ለድመት የተለየ ጥበብ አያስፈልገውም።

የሚገርመው የፈረንጁም ልምድ ከዚህ የራቀ አለመሆኑ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስናወራ እንደነገረችኝ፣ እሷ ሰፈር ከላቲን አሜሪካ የመጡ፣ ስፓኒሽ የሚናገሩ ብዙ ጎረቤቶች አሉ። ደጅ የሚያድሩ ድመቶችን ይመግባሉ፤ ድመቶቹ የማንም አይደሉም፣ የሁሉም ናቸው። የእንስሳት በጎ አድራጊዎች ወረቀቱን ወደ ስፓኒሽ ተርጉመው በየበሩ ለጠፉ። ማንም አልመጣም። ወረቀቱ ቋንቋቸውን ቢናገርም ማን እንደላከው አያውቁም፤ መታወቂያ እንጠየቃለን ብለው የሚፈሩም ነበሩ። በኋላ ከእነሱው አንዲት ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን አብራቸው የምታስቀድስ፣ ከቅዳሴ በኋላ ስታወራቸው ድመቶቹን በካርቶን ይዘው መምጣት ጀመሩ። የአክስቴ ልጅ ይህን የነገረችኝ ስለ እነሱ ብላ ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት ስለ እስቴ ነው።

እናቴ ነገሩን በሦስት ቦታ ይዛ ዞረች፦ በቡና፣ በሰንበቴ፣ በንስሐ አባቷ ዘንድ። ከሁሉ የፈራችው የመጨረሻውን ነበር። «አባ፣ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብላ ጠየቀች። እሳቸውም «ሙክቱን ስታስቀጠቅጪ ማንን ጠየቅሽ?» አሏት። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ለወፍጮ ቤቱ ከምትጥያቸው ይሻላል» አሉ። ስለ ጆንያው ያውቁ ኖሯል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቀየረ።

የሴቶቹ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ አይጥ መያዝ ታቆማለች ወይ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አይጥ የማትይዝ ድመት እንግዳ ናት። መልሱ አታቆምም ነው። ድመት የምታድነው ለመውለድ ብላ አይደለምና ዕንቁላል ማፍሪያዋ ቢወጣም አደኗ አብሮ አይወጣም። የምትተወው ሌሊት መጮሁን፣ ከጎረቤት ወንድ ጋር መጥፋቱን ነው። ንስሐ አባቷ ይህንንም በአጭሩ ዘጉት፦ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማችሁም?»

ሁለተኛው ቀጠሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ሆነ። እኔም ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው በበረኪና ታጥቦ፣ መሣሪያው ከደብረ ታቦር ታሽጎ መጥቶ፣ ሐኪሙ ጓንቱን አጥልቆ ቆመ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ። በኬሻ፣ በዶሮ ቅርጫት፣ አንዷ በአሮጌ አገልግል። ልጆች ከኋላ ከኋላ። ድመቶቹ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ እንዳይሰጣቸው ተነግሮ ስለነበር ይጮሃሉ፤ ክፍሉ የገበያ ቀን መሰለ። አሥራ አንድ መጥተው ዘጠኙ ተሠሩ። አንዷ ገና ትንሽ ነበረች፤ ሌላዋ ልትወልድ ቀናት ቀርተዋት ስለነበር ሐኪሙ «ወልዳ፣ አጥብታ ትምጣ» ብሎ መለሳት።

አሠራሩን የማታውቁ ካላችሁ፦ ድመቷ በመርፌ ትተኛለች። ሆዷ ላይ ያለው ፀጉር ተላጭቶ በጥቂቱ ይቀደዳል፤ ዕንቁላል ማፍሪያዋና ማሕፀኗ ታስሮ ይወጣል፣ ራሱ በሚሟሟ ክር ይሰፋል። እጅ ለለመደ ሐኪም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የወንዱ ደግሞ ደቂቃዎች ናቸው። ከዚያ እስክትነቃ ድረስ መሞቅ አለባት፤ የሰመመን መድኃኒቱ ሰውነት ያቀዘቅዛል። እናቴ ጋቢዋን አነጠፈች። ዘጠኝ ድመት በአንድ ጋቢ ላይ ምላሳቸው ወጥቶ ተኝተው፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ቁጭ ብለው ዝም አሉ። አንዷ ብቻ «አይ ውሮ፣ እኔን ይተኛኝ» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። ያንን ሳቅ ወድጄዋለሁ።

ተኝተው ሳሉ የግራ ጆሯቸው ጫፍ በጥቂቱ ይቆረጣል፤ ሌላ ጊዜ ተይዛ ሆዷ በከንቱ እንዳይከፈት። በሌላው ዓለምም ምልክቱ ይኸው ነው። ይህን ለማስረዳት ምንም አልደከምንም፤ በጉን በጆሮ ቅድ የሚለይ ሰው አንዴ ሲነገረው ይገባዋል።

በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ተወጉ። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ትይዘዋለች፣ ድመትም ታስተላልፈዋለች። ለአካባቢያችን እንግዳ በሽታ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት በነሐሴ 1876 ዓ.ም. በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ቤጌምድር ማለት እኛ ነን። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ልጃችሁን ውሻም ይሁን ድመት ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጸበሉም የአገር መድኃኒቱም ከክትባቱ በኋላ ይደርሳል፤ ክትባቱ ግን ካለፈ አይደርስም።

ስለ ወጪው ደስ የሚል ነገር የለኝም። ሐኪሙ በነፃ ሠራ፤ የሰመመን መድኃኒቱን፣ ክሩን፣ ክትባቱንና ማቀዝቀዣ ሣጥኑን እኛ እኅትማማቾች ተካፍለን ከፈልን። በየቀበሌው ኬላ ለበሬና ለበግ የሚሆን መድኃኒት ሲገኝ ይገኛል፤ ለድመት ግን ዕቅድም በጀትም የለም። ድመት በቁም ከብት ቆጠራ ውስጥ አትገባም፤ ወተትም ቆዳም አትሰጥም። የምታድነው እህል ግን በሪፖርት ሲጻፍ የምርት መጨመር ይባላል። በየከተሞቻችን ውሾች በዙ ሲባል በመርዝ ሥጋ መንገድ ላይ ሲረፈረፉ ኖረዋል፤ ለዚያ በጀት አይጠፋም። በሚቀጥለው ዓመት ውሾቹ ያንኑ ያህል ይሆናሉ፣ ሥጋውም እንደገና ይገዛል። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ይህ ግን ለእኔም ይገባኛል።

ወሬው ስማዳ ለመድረስ ሁለት ገበያ አልፈጀበትም። እኅቴ ደውላ «እናንተ ጋ ይብቃሽ የሚባል መርፌ መጥቷል አሉ፤ እኛስ?» አለች። በመርፌ ብቻ የሚያልቅ እንዳልሆነ አስረዳኋት። አሥራ አራት ድመት ቆጥራ ልካለች፤ ከየትኛው ቤት እንደሆኑ፣ የትኛዋ እያጠባች እንደሆነ ጭምር። የቀበሌ ቆጠራ እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼ አላውቅም። ሐኪሙ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከጥምቀት በኋላ እንሄዳለን ብሏል። መንገዱ ደግሞ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። አክስቴ ከአርብ ገበያ «እኛን ለምን አስቀደማችኋቸው?» ብላ ተቀይማለች።

እትዬ በዚያ እሑድ አልመጣችም። ሲመሽ፣ ሐኪሙ ዕቃውን ሲጠቀልል፣ አንድ ግዙፍ ወንድ ድመት በክንዷ አቅፋ በኋላ በር ገባች። «ይህን ብቻ» አለች። ተሠራለት። ስለ ሴቶቹ ድመቶቿ ማንም አልጠየቃትም፤ እናቴ እንዳይጠየቁ በዐይኗ ከልክላ ነበር። በሚቀጥለው ሰንበቴ ላይ ግን እናቴ፣ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት፣ በጎቹ የጨነገፉት በድርቆሹ ምክንያት እንደሆነ፣ የእሷም ድርቆሽ ውስጥ የእሷው ድመት እንደተጸዳዳች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድርቆሹ አሁን ቆጥ ላይ ወጥቷል፣ በሸራ ተሸፍኗል። የዘንድሮዎቹ በጎች ገና አልወለዱም።

ባለፈው ሳምንት ስደውልላት እናቴ ስም ዝርዝር እያሠራች ነበር፤ የጎረቤት ልጅ እየጻፈላት። ለቀጣዩ ዙር ለእትዬ የሁለት ድመት ተራ ይዛላታለች። «ነግረሻታል?» አልኳት።

«አልነገርኳትም። ተራውን ይዤላታለሁ፤ መምጣቱ የእሷ ነው።»